ዐመል፣ ሆርሞንና ፍርድ

‹‹ዐመል ያወጣል ከመሃል›› ይላሉ አበው። አባባሉ ጠባዩ ያልቀና ሰው ከማኅበሩ ተነጥሎ እንደሚቀር ለማስጠንቀቅ የተነገረ ነው። ይሁንና በውስጡ አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ተሸሽጎ ይኖራል። ዐመል ራሱ ከወዴት ይመጣል? ባለቤቱ መርጦ የያዘው ነውን? ወይስ ከደሙ የፈለቀ፣ ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ አብሮት የኖረ? ምንጩ ከታወቀ በኋላስ ፈራጁ በቀድሞ ፍርዱ ይጸናልን? ጥያቄው ሲሰሙት ለሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚመጥን ይመስላል። ነገር ግን ክብደቷ ከአንድ ኪሎ እምብዛም በማይርቅ አንዲት የቤት እንስሳ ጎጆ ውስጥ በየጊዜው ይነሣል።

ይህች እንስሳ ጊኒ ፒግ ትባላለች። ስሟ በሁለት በኩል ሐሰት ነው፤ ከጊኒ አልመጣችም፣ አሳማም አይደለችም። ከአይጥና ከጃርት ወገን የምትመደብ ስትሆን፣ የትውልድ አገሯ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። የዚያ አገር ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አላምደው ለሥጋ አርብተዋታል፤ በፔሩና በኤኳዶር ዛሬም ከማዕድ አልጠፋችም። ከአሥራ ስድስተኛው ምእተ ዓመት ወዲህ ወደ አውሮፓ ተሻግራ በመጀመሪያ የልጆች መጫወቻ፣ ኋላም የቤተ ሙከራ እንስሳ ሆነች። ወደ አፍሪካም ዘልቃ፣ በምሥራቅ ኮንጎና በታንዛኒያ ሰፊ መሬትና ብዙ መኖ ያልታደሉ ቤተሰቦች ለሥጋ ያረቧታል።

ሁለት ወይም ሦስት እንስቶችን በአንድ ጎጆ የሚያሳድግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰላም የሰፈነበት ትንሽ ማኅበር ያያል። አብረው ይበላሉ፤ ተጠጋግተው ይተኛሉ። ድንገት ግን አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ ትለወጣለች። ከጉሮሮዋ ጥልቅ ጉርምርምታ እያሰማች፣ ዳሌዋን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች በጓደኛዋ ዙሪያ ትንጎራደዳለች። ታሳድዳታለች፤ ጥግ ታስይዛታለች፤ ጀርባዋ ላይ ትወጣለች። ሌላይቱ እንቢ ስትል ጥርስ ይንቀጫቀጫል፤ አንዳንዴም ፀጉር ይነጫል። በማግስቱ ግን ነገሩ ሁሉ እንዳልነበረ ሆኖ ሁለቱ ጎን ለጎን ሣር ሲበሉ ይታያሉ።

ይህን ያየ ባለቤት ዘወትር ከሦስት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል። የመጀመሪያው ‹‹ይህች ሴት አይደለችም፤ ወንድ ናት›› የሚል ነው። ሁለተኛው ‹‹ክፉ ናት፤ ጓደኛዋን አሠቃየቻት›› ይላል። ሦስተኛውና ራሱን ከሁለቱ ይልቅ የተማረ አድርጎ የሚያየው ደግሞ ‹‹ሆርሞኗ ነው›› ብሎ ያልፋል። ሦስቱም የየራሳቸው ስሕተት አለባቸው። ከስሕተታቸው የሚገኘው ትምህርት ከጊኒ ፒጓ ጎጆ እጅግ ርቆ ስለሚሄድ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

የእንስቲቱ ጊኒ ፒግ አካል በአማካይ በየአሥራ ስድስት ቀኑ የሚመላለስ ዑደት አለው። በዚህ ዑደት ውስጥ ሥሪያ የምትፈቅድበት ጊዜ ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። በዚያ አጭር ጊዜ ዋዜማና መካከል፣ ከእንቁላል ዕጢዋ የሚመነጩት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉ ሆርሞኖች መጠናቸው ይለዋወጣል፤ እንስቲቱም ወንድ በሌለበት እንኳ ሌሎች እንስቶችን ታሳድዳለች፣ ጀርባቸው ላይም ትወጣለች። አሜሪካዊው ዊልያም ያንግና ባልደረቦቹ ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጥንቃቄ መዝግበውታል። ስለዚህ ‹‹ወንድ ናት›› ያለው ባለቤት ያየው ነገር እንስትነቷ ራሱ የሚገለጥበትን አንዱን መንገድ ነበር።

በዚህ ነገር የኢትዮጵያ ገበሬ ከብዙ ተመራማሪ የቀደመ ዕውቀት አለው። ላሚቱ በሌላዋ ላም ጀርባ ላይ ስትወጣ ሲያይ ‹‹በሬ ሆነች›› አይልም፤ ‹‹ኮርማ ፈለገች›› ይላል። ካልተጠቃች ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ምልክቱ ተመልሶ እንደሚመጣም ከልምድ ያውቃል። ምልክቱን በምልክትነቱ ያነበዋል። አይሰድባትም፣ አያሞግሳትም፤ የሚያስፈልጋትን ለማድረግ ይነሣል። ይህ የገበሬ ንባብ ቀላል ቢመስልም፣ ወደ ፊት እንደሚታየው፣ ብዙ የተማሩ ሰዎች የሳቱት ነገር በውስጡ አለ።

የእንስቲቱ መንጎራደድ ሁሉ ግን ከዑደቷ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም፤ ከፊሉ የማዕረግ ጉዳይ ነው። ጊኒ ፒጎች ማን ከማን በፊት ሣሩን እንደሚቀምስ፣ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ የሚወስን ሥርዓት አላቸው። አዲስ እንስት በመካከላቸው ስትገባ ወይም ከነባሮቹ አንዷ ስትሞት፣ ሥርዓቱ እንደገና እስኪጸና ድረስ ጉርምርምታውና ማሳደዱ ይበረታል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። በእንስሳት መካከል የበላይና የበታች ሥርዓት መኖሩን ለዘመናዊ ሳይንስ ያስተዋወቀው ኖርዌያዊው ቶርላይፍ ሼልደሩፕ ኤቤ ነው። ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው በጓሮ ዶሮዎች ላይ ነበር፤ የትኛዋ ዶሮ የትኛዋን በመንቁሯ እንደምትወጋ፣ የትኛዋስ ዝም ብላ እንደምትሸሽ እየመዘገበ። ስለ በላይነት የተጻፈው ሰፊ ሳይንስ መነሻው ሴት ዶሮዎች ሆነው ሳለ፣ የበላይነት የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ወንድ ነው።

ጊኒ ፒግ በዚህ ዘርፍ የማይረሳ ስፍራ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቻርልስ ፊኒክስ፣ ሮበርት ጎይ፣ አርኖልድ ጄራልና ከላይ የተጠቀሰው ዊልያም ያንግ ለእርጉዝ ጊኒ ፒጎች ቴስቶስትሮን የተባለውን ሆርሞን ሰጡ። የተወለዱት እንስቶች አድገው ሲፈተኑ፣ ሥሪያን የመቀበል ጠባያቸው ቀንሶ፣ በሌሎች ላይ የመውጣት ጠባያቸው ጨምሮ ተገኘ። ተመራማሪዎቹም ከዚህ ተነሥተው ሆርሞን ሁለት ዓይነት ሥራ እንዳለው አስተማሩ። በማሕፀን ዘመን የአካልንና የጠባይን መሠረት ያበጃል፤ በአዋቂነት ዘመን ደግሞ አስቀድሞ የተበጀውን ይቀሰቅሳል። ፊተኛው ክራሩን እንደሚሠራው ባለሙያ፣ ኋለኛው ጅማቱን እንደሚመታው ጣት ነው።

ሐሳቡ ታላቅ ነበር፤ እስከ ዛሬም የዘርፉ መሠረት ሆኖ ይኖራል። የተነገረበት ቋንቋ ግን ከመጀመሪያው ጉድለት ነበረበት። በሌላ ላይ መውጣት ‹‹የወንድ ጠባይ››፣ መቀበል ‹‹የሴት ጠባይ›› ተባለ። ቴስቶስትሮን ‹‹የወንድ ሆርሞን››፣ ኢስትሮጅን ‹‹የሴት ሆርሞን›› የሚል ስም ተሰጣቸው። ምንም ያልተሰጣት ጤናማ እንስትም በሌሎች ላይ እንደምትወጣ ግን እነዚያው ሊቃውንት ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ሆርሞኖቹም ቢሆኑ ለተሰጣቸው ስም አይታዘዙም። የእንስት አካል ኢስትሮጅንን የሚሠራው አስቀድሞ ቴስቶስትሮንንና መሰሎቹን ሠርቶ፣ ከዚያ እነርሱን በመለወጥ ነው። ‹‹የወንድ›› የተባለው ከሌለ ‹‹የሴት›› የተባለው አይገኝም። በርንሃርድ ዞንዴክ የተባለው ሳይንቲስትም ገና እ.ኤ.አ. በ1934 የድንጉላ ፈረስ ሽንት በኢስትሮጅን የተሞላ መሆኑን ጽፏል። ከድንጉላ ፈረስ የበለጠ የወንድነት ምሳሌ ፈልጎ ማግኘት ግን የሚቻል አይመስልም።

ሳይንስን በዚህ የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ የራሱን ቋንቋ ቢመረምር መልካም ነው። አማርኛ ብርቱ ሴትን ሊያከብር ሲሻ ‹‹ወንድ ናት›› ይላል። በንግዷ የጸናች፣ በችሎት ፊት ያልተንቀጠቀጠች፣ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ያሳደገች ሴት ከምትቀበላቸው ምስጋናዎች አንዱ ይኸው ነው። ተናጋሪው ክፉ አላሰበም፤ ከልቡ እያመሰገናት ነው። ሆኖም በምስጋናው መካከል ብርታቷን ከእጇ ወስዶ ለሌላ አስረክቦታል። በሰዋስውም በኩል እንዲሁ ነው። ትልቅና የሚያስፈራው በተባዕት አንቀጽ፣ ትንሽና የሚያሳዝነው በአንስታይ አንቀጽ መጠራቱ የተለመደ ነው። አይጥ ‹‹መጣች›› ስትባል ጅብ ‹‹መጣ›› ይባላል። በተረትም ብልሃተኛዋ ‹‹እመት ጦጢት›› ስትሆን፣ ጉልበተኛውና ሆዳሙ ‹‹አያ ጅቦ›› ነው።

ስለ ጅብ እውነቱ ሲታወቅ ግን ‹‹አያ›› የሚለው ማዕረግ ለተሳሳተው ወገን የተሰጠ ሆኖ ይገኛል። በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ በሚኖረው ባለ ነጠብጣብ ጅብ ዘንድ የመንጋው አለቃ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ማዕረግ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። ወንዱ ጎልምሶ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ወደ ሌላ ሲሰደድ፣ በአዲሱ አገር ከሁሉ በታች፣ በዚያ ከተወለዱት ግልገሎች እንኳ በታች ሆኖ ይጀምራል። ‹‹በማያውቁት አገር ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ›› የሚለው ምሳሌ ለግብዝ ሰው በትክክል ይሠራል፤ ለጅብ ግን አይሠራም። እንግዳ የሆነ ወንድ ጅብ ቁርበት አይጠይቅም፤ አንገቱን ደፍቶ ሌሎች በልተው የሚተርፈውን ይጠብቃል።

የእንስቲቱ ጅብ የውጭ አካል ከወንዱ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ብዙ ተመልካች ለመለየት ይቸገራል። ጅብ አንድ ጊዜ ወንድ፣ አንድ ጊዜ ሴት ይሆናል የሚለው ጥንታዊ እምነትም ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ ከግሪክ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ የዚህ እምነት ተሸካሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ዘመናዊ ተመራማሪዎች ሲመጡ ደግሞ የመጀመሪያ ግምታቸው ከዚያ ብዙ አልራቀም። እንስቲቱ የምትገዛው ‹‹የወንድ ሆርሞን›› ስለ በዛባት ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ከኬንያ የተወሰዱ ሃያ ያህል ግልገሎች በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ አድገው ለዓመታት ተጠኑ። ከእንስቲቱ የእንቁላል ዕጢ የሚወጣ አንድሮስቴንዲዮን የተባለ ሆርሞን በእንግዴ ልጁ ውስጥ ወደ ቴስቶስትሮን ተለውጦ ወደ ፅንሱ እንደሚደርስ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኬንያ ማሳይ ማራ የተገኘ ውጤት ደግሞ ከፍተኛ ማዕረግ ያላቸው እናቶች በእርግዝናቸው መጨረሻ ላይ የዚህ ዓይነት ሆርሞን መጠናቸው ከፍ እንደሚል፣ ግልገሎቻቸውም ይበልጥ ቁጡ እንደሚሆኑ አመለከተ።

ስለዚህ ሆርሞን ድርሻ የለውም ማለት አይቻልም። ድርሻ ያለው ሁሉ ግን የነገሩ ወሳኝ ነው ማለት አይደለም። አዋቂ ወንድ ጅብ በደሙ ከአዋቂ እንስት የበለጠ ቴስቶስትሮን ይዞ ሳለ ለእርሷ ይጎነበሳል። በሴሬንጌቲ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ በሌላ እናት ጡት ያደጉ ግልገሎች የወለደቻቸውን ሳይሆን ያሳደገቻቸውን እናት ማዕረግ ተከትለው ተገኙ። በታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ደግሞ ከዚህም ገፍቶ ሄደ። ሁለት ጅቦች ሲጋጠሙ አሸናፊው ማን እንደሚሆን በይበልጥ የሚወስነው ከኋላው ሊቆምለት የሚችለው ረዳት ብዛት ነው፤ ጾታና ግዝፈት አይደሉም። እንስቶቹ ከእናቶቻቸውና ከእኅቶቻቸው መካከል ስለማይለዩ ይገዛሉ፤ ወንዱ ብቻውን ስለ ተሰደደ ይሸነፋል። በርከት ያለ ደጋፊ ያለው ወንድ ግን በእንስት ላይ እንኳ ይበረታል። ኃይል እንደ ዘመድ ብዛት መሆኑን ማኅበር ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለጅብ ግን ይህን ዕውቀት ሳይሰጠው ኖሯል።

ይህ ሁሉ ይዞ ወደ ጊኒ ፒጓ ጎጆ ለሚመለስ ሰው ሌላ የሚያስደንቅ ውጤት ይጠብቀዋል። በጀርመን ሙንስተር ዩኒቨርሲቲ ሲልቪያ ካይዘርና ኖርበርት ዛክሰር ከ1990ዎቹ ጀምሮ የእርጉዝ ጊኒ ፒጎችን አኗኗር አጥንተዋል። ከፊሎቹ እርጉዞች አባላቱ በማይለዋወጡበት መንጋ ውስጥ ኖሩ። የቀሩት ግን በየጊዜው አዲስ በሚገባበትና ነባር በሚወጣበት፣ ማዕረግ ጸንቶ በማያውቅበት መንጋ ውስጥ ኖሩ። መርፌ አልተወጋም፤ መድኃኒት አልተሰጠም። ሆኖም ባልጸናው መንጋ ከኖሩት የተወለዱት ሴት ልጆች በደማቸው ከፍ ያለ ቴስቶስትሮን ተገኘባቸው፤ በጉርምርምታና በመንጎራደድም ከሌሎቹ በለጡ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሆርሞን በመስጠት የታየውን የሚመስል ለውጥ፣ እዚህ የጎረቤት መለዋወጥ ብቻ አመጣው።

እንግዲህ ‹‹ሆርሞኗ ነው›› የሚለው ሦስተኛው ፍርድ መልስ መስሎ ጥያቄውን በመካከል የሚያቋርጥ ነው። ሆርሞን በአካል ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ነገር ነው። መልእክተኛውን በስሙ ጠርቶ ላኪውን አለመጠየቅ ማወቅ አይባልም። ላኪው አንዳንዴ የአካሉ ዑደት ነው፤ አንዳንዴ የእናቲቱ ማዕረግ፤ አንዳንዴም እናቲቱ ያረገዘችበት ቤት ሁከት። ‹‹ተፈጥሮ ነው›› እና ‹‹አካባቢ ነው›› ተብለው በሁለት ጎራ የተከፈሉት ክርክሮች በዚህች ትንሽ እንስሳ ደም ውስጥ ተገናኝተው ይደባለቃሉ።

የነገሩን ምክንያት ማወቅና በነገሩ ላይ መፍረድ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂውም እ.ኤ.አ. በ1740 ባሳተመው የድርሳኑ ክፍል፣ ጸሐፊዎች ‹‹ነው›› እያሉ ሲናገሩ ቆይተው ሳይታወቅ ‹‹ይገባል›› ወደ ማለት እንደሚሻገሩ አስተውሎ፣ ሽግግሩ ምክንያት ሊቀርብለት እንደሚገባ አሳስቧል። ጅብን አይቶ ‹‹ሴት ልትገዛ ይገባል›› የሚል ሰው፣ ሌላ እንስሳ አይቶ ‹‹ወንድ ሊገዛ ይገባል›› ከሚለው ጋር አንድ ስሕተት ይሠራል። የፍጥረት መጽሐፍ ሰፊ ነው፤ ለማንኛውም ሥልጣን ፈላጊ የሚመች ገጽ አይጠፋበትም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሰውን ሕግ የሚፈልግ ሁሉ የሚያገኘው አስቀድሞ በልቡ የያዘውን ነው።

ጊኒ ፒጓን ‹‹ክፉ›› ያላት ባለቤትም የሚስተው በዚህ በኩል ነው። ክፋት ሌላ መንገድ እያለ፣ የሚሠሩትን እያወቁ የሚመርጡት ነገር ነው። ጓደኛዋን ያሳደደች እንስት ‹‹ለምን?›› ተብላ ብትጠየቅ መልስ የላትም፤ ልትጸጸትም አትችልም። ሰው ግን ይጠየቃል፤ ይመልሳልም። የሰው ክብር አንዱ መሠረት ይኸው ነው፤ ሥራው ምክንያት እንዳለው ተቆጥሮ፣ ምክንያቱን እንዲናገር መጠበቁ።

እዚህ ላይ የነገሩ ክብደት ይገለጣል። አንዲት ሴት በሥራ ቦታዋ የተሠራውን አድልዎ በስብሰባ ላይ ትናገራለች እንበል። ወይም ከሥራ ውላ ገብታ የቤቱ ሸክም ሁሉ በእርሷ ላይ መሆኑ እንዳደከማት ለባለቤቷ ትገልጻለች። ድምጿ ከፍ ብሏል። ሰሚው ፈገግ ብሎ ‹‹ተዋት፣ ሆርሞኗ ነው›› ይላል። በዚህች አጭር ቃል ሴትዮዋ ምክንያት ከሚጠየቁት ወገን ወጥታ ምክንያት ወደማይጠየቁት ወገን ተሻገረች። አድልዎው ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? ሸክሙ እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ይህን የሚጠይቅ ጠፋ። በዚያ ቀን አካሏ ከብዷት ነበር ቢባል እንኳ፣ የተናገረችው ነገር እውነትነት በወሯ አቆጣጠር አይለካም። የወንድ ቴስቶስትሮንም ጠዋት ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት የወንዶች ጠዋት የሰጡት ውሳኔ ይመርመር ያለ ጉባኤ አልተሰማም። ‹‹ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ›› የሚለው የጥንት አባባል ዛሬ በተማሩ ሰዎች ዘንድ ያሳፍራል። ‹‹ሆርሞኗ ነው›› የሚለው ግን ነጭ ጋዋን ለብሶ ያንኑ ሥራ ሲሠራ ብዙዎች አያስተውሉትም።

ከዚህ ተነሥቶ አካልን ጨርሶ መካድ ደግሞ ሌላ በደል ነው። ሆርሞን በሴት ሕይወት ውስጥ ምንም አይደለም የሚል ሰው፣ በወር አበባዋ ሰሞን በብርቱ የምትታመመውን፣ ከወለደች በኋላ ኀዘን የሚጫናትን፣ በማረጥ ዘመን እንቅልፍ ያጣችውን ሴት ‹‹ጠባይሽን አስተካክይ›› ብሎ ያለ እርዳታ ይተዋታል። ቃሏን ለመናቅ አካሏን መጥቀስም፣ ሕመሟን ለመናቅ አካሏን መካድም ከአንድ ምንጭ ይወጣሉ፤ ሁለቱም እርሷን ከመጠየቅ ያሳርፋሉ። ቀላሉ ነገር ግን ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ማቅረብ ነው። ‹‹ያልሽው እውነት ነውን?›› እና ‹‹አሞሻልን?›› አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ለሁለቱም መልስ መስማት ይቻላል።

የጊኒ ፒጓ ባለቤት ይህን ልዩነት በግድ የሚማርበት አጋጣሚ አለ። ዕድሜያቸው ገፋ ባሉ እንስቶች የእንቁላል ዕጢ ላይ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች መውጣታቸው የተለመደ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሆርሞን ያመነጫሉ። ያን ጊዜ ጉርምርምታውና ማሳደዱ በአሥራ ስድስት ቀን አንድ ጊዜ መጥቶ መሄዱ ይቀርና ሳያቋርጥ ይቀጥላል። የጎንና የጎን ፀጉሯ በእኩል ይሳሳል፤ ሆዷ ይነፋል፤ ሲነኳት ትቆጣለች። ‹‹ክፉ ሆነች›› ብሎ ከጓደኞቿ የለያት ሰው በሽተኛን ቀጥቷል። ‹‹ሆርሞኗ ነው›› ብሎ ያለፈውም ትክክለኛ ቃል ተናግሮ ሳለ ሳትታከም ትቷታል። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ቢወስዳት በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ልትረዳ ትችል ነበር። ሁለቱ ባለቤቶች በዕውቀት ይለያያሉ፤ ለእንስሳዋ ግን አንድ ናቸው። ያ ገበሬ ከሁለቱም የሚበልጠው ምልክቱን ካነበበ በኋላ ተነሥቶ ስለሚሄድ ነው።

ዕውቀት እንግዲህ ፍርድን አያጠፋም፤ ፍርዱ የሚያርፍበትን ሰው ይለውጣል። ምክንያቱ ሲታወቅ፣ ‹‹ይህች እንስሳ ለምን እንዲህ ሆነች?›› የሚለው ጥያቄ ዞሮ ‹‹ይህን ያወቀ ሰው ምን አደረገ?›› ይሆናል። ጊኒ ፒጓ በዱር ከሚኖሩት ዘመዶቿ ይልቅ ቁጣዋ የቀነሰ፣ አብሮ መኖርን የምትችል የሆነችው በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ በሰው እጅ ነው። የምትኖርበትን ጎጆ ስፋት የወሰነው ሰው ነው። ከማን ጋር እንደምትኖር የመረጠላት፣ በሣምንቱ ጓደኛዋን የለወጠባት፣ አንዲት የሣር ማስቀመጫ ለሦስት ያኖረላቸው ሰው ነው። ከዚያም ጠብ ሲነሣ ‹‹ዐመለኛ›› የምትባለው እርሷ ናት።

የሰው ልጅ ጊኒ ፒግ አይደለም፤ ስለ ጊኒ ፒግ የተገኘውን ሁሉ አንሥቶ በሰው ላይ መጫን ከላይ የተነቀፈውን ስሕተት መድገም ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ ልማድ ከጎጆዋ ወደ ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ሊሻገር ይችላል። እርሱም ጠባዩ ያልተወደደለትን ከመሰየም በፊት፣ ቤቱን የሠራው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። እርጉዝን ሴት በሁከትና በስጋት መካከል እንድትኖር የተወ ቤተሰብ፣ ሠራተኞቹን በየወሩ እያፈራረቀ እርስ በርስ የሚያስፈራራ አለቃ፣ ለሁለት በማይበቃ ነገር ላይ ሁለት ሰዎችን ያሰለፈ ሁሉ፣ ስለ ሌሎች ዐመል ለመናገር የመጨረሻው ቢሆን ይሻላል። ይህ ማለት ሰው በሠራው አይጠየቅም ማለት አይደለም። የበደለ ይጠየቃል፤ ምክንያቱንም እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል። ነገር ግን ለመጠየቅ የተቀመጠው ሰው የራሱን እጅ ሥራ ከመዝገቡ ሊያወጣው አይገባም።

ሐረር ላይ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ለጅብ ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች እያንዳንዱን ጅብ በስም ይጠራሉ። ጅብን ሁሉ ‹‹አያ›› ብሎ በአንድ ስም የጠራው ተረተኛ ከሩቅ ነበር፤ እነርሱ ከቅርብ ናቸው። ለማወቅ የሚሻ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ይቀርባል፣ ለየብቻ ያያል፣ ለምልክቱ ስም ከማውጣቱ በፊት ምልክቱ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ሁለቱ እንስቶች የሚኖሩባት ጎጆ ባለቤትም ብዙ ፍልስፍና ላያስፈልገው ይችላል። ጠቡ ደም ያፈሰሰ እንደ ሆነ ይለያቸዋል። ካልሆነ ግን ቀኑን ይቆጥራል፤ አሥራ ስድስት ቀን ጠብቆ ተመልሶ መጣ ወይስ አላቋረጠም ብሎ ያያል። ፀጉሯንና ሆዷን ይዳስሳል። ጎጆዋን ያሰፋል፤ ሁለት መደበቂያ፣ ሁለት የሣር ማስቀመጫ ያኖራል። ‹‹ዐመል ያወጣል ከመሃል›› የሚለው አባባል እውነትነቱ ይቆይ። ከመሃል የማውጣት ሥልጣን በእጁ ያለ ሰው ግን አንዷን ከማውጣቱ በፊት ሣሩ ለሁለት ይበቃ እንደ ነበር አስቀድሞ ይይ።